ከግቢዬ የተከለከለው የራሴ ንብረት

ቨርጂኒያ ውስጥ በስማችን የተመዘገበ ቤት አለን። ግብሩን እንከፍላለን፣ ሣሩን እናጭዳለን፣ በረዶውን እንዝቃለን። አምና ለመጀመሪያ ጊዜ አር ቪ ስንገዛ ግን በገዛ ደጃችን ማቆም አልቻልንም። አር ቪ ማለት አልጋ፣ ምድጃ፣ መታጠቢያና ሽንት ቤት ያለው ተንቀሳቃሽ ቤት ነው፤ የእኛው በመኪና የሚጎተተው ዓይነት፣ ርዝመቱ 24 ጫማ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹ ከስልክ ተላቀው ጫካ እንዲያድሩ ብለን ነው የገዛነው።

የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ኤች ኦ ኤ የሚሉት፣ አር ቪና ጀልባ ደጅ ላይ እንዳይቆም ከልክሏል። ይህን እናውቅ ስለነበር ማቆሚያ ፍለጋ የወጣነው ገና ሳንገዛ ነው። አንዱ ስቶሬጅ ወረፋ ያዙ አለን፤ ሌላው ለዚህ ርዝመት ቦታ የለኝም አለ። በመጨረሻ ያገኘነው ከቤታችን አርባ ደቂቃ ይነዳል፤ በወር ከ150 ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ ጣሪያ የለው፣ ውሃ የለው፣ መብራት የለው። ውሉ ኢንሹራንስ አምጡ ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ለስርቆትም፣ ለእሳትም፣ ለወደቀ ዛፍም ድርጅቱ ተጠያቂ አይደለም ይላል። እዚያ ግቢ ውስጥ መጠገንም ክልክል ነው። ብርዱ ሳይገባ ውሃው ከቧንቧው ወጥቶ ሮዙ አንቱፍሪዝ ካልገባበት ቧንቧው ይፈነዳል፤ ታዲያ ይህን የት ልሥራው?

ደምበጫ ላለው አጎቴ በስልክ ስነግረው ጥቂት ዝም አለና፣

"ግቢው የማን ነው?" አለኝ።

"የእኔ ነው፣ አጎቴ።"

"ታዲያ ማን ነው የሚከለክልህ?"

"ጎረቤቶቼ ናቸዋ።"

"አንተ ልጅ፣ ምን በድለሃቸው ነው?"

መልስ አጣሁ። ከሰው ተጣልቼ መስሎት ነው የደነገጠው።

ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ልጅ ሳለሁ ኤንትሬ የሚባል አንድ የጭነት መኪና ደጃችን ላይ ተሰብሮ ቀርቶ ነበር። ሾፌሩን የሚያውቀው ሰው አልነበረም። መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲሄድ አባቴ የአጥሩን አንድ ወገን አፍርሶ፣ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ገፍቶ፣ መኪናው ግቢ ገባ። ረዳቱ ከእኛው ጋር በላ፣ ከእኛው ጋር አደረ። አባቴ ማታ ማታ ጋቢውን ተከናንቦ በባትሪ እየዞረ ያየው ነበር፤ የሰው አደራ ነዋ። ሾፌሩ ሲመለስ አንዲት ብሎን አልጎደለችበትም። ገንዘብ ላውጣ ቢል እናቴ ተቆጣች። በኋላ በዚያ ባለፈ ቁጥር ጡሩንባውን ሳይነፋልን አይሄድም ነበር።

የጎጃም ሰው ይህን ሲያነብ "እና ምን ይገርማል?" እንደሚል አውቃለሁ። "የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ መሽቶብኛል" ያለ ሰው "ቤት የእግዜር" ተብሎ ከነበቅሎው ይገባ የለ? የአባይን በረሃ ወጥቶ ደጀን ላይ የመሸበት ከባድ መኪና ሆቴል ግቢ ገብቶ ዘበኛው እያየው ያድር የለ? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጦርነቱ በዚያ መንገድና በዚያ ሕዝብ ላይ ያደረሰውን አልዘነጋሁም። አጎቴም ዛሬ የማያውቁትን ሰው ማሳደር እንደሚያስፈራ ነግሮኛል። ሲነግረኝ ግን እያፈረ ነው። እዚህ ያጣሁት ያንን ሐፍረት ነው።

አሜሪካኖቹ የሚያስቀና ሥራ አልሠሩም አልልም። ልጆቹን ሸነንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የወሰድናቸው ጊዜ ልቤ ተነክቷል። 105 ማይል በሚረዝመው የፓርኩ መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ ላይ አንድ ዋሻ አለ፤ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች መሆኑ አስቀድሞ ስለሚነገር ባለ አር ቪ ሁሉ ልኩን አውቆ ይገባል። ፓርኩ ውስጥ ካለው ማደሪያ ስፍራ፣ ቢግ ሜዶውስ፣ ስንደርስ ማደሪያችን በቁጥር ተለይቶ ጠበቀን፤ ንጹሕ ውሃ የሚቀዳበት፣ ቆሻሻው የሚደፋበት ቦታ ሁሉ ተዘጋጅቷል። ልጆቼ ማለዳ አጋዘን ሲያዩ እኔ የማስበው ቾቄን ነበር። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ አባይን የሚመግቡ ስንት ወንዞች የሚፈልቁበት ተራራ፣ ሰላም ሲሆን እንዲህ ያለ ማደሪያ ቢሠራለት ምን አለበት?

ከዚያ ጉዞ ስንመለስ ግን የማኅበሩ ደብዳቤ ጠበቀን። ለጉዞው ስንቅና ብርድ ልብስ ለመጫን አር ቪውን አንድ ሌሊት ደጃችን አሳድረነው ነበር። ከማስጠንቀቂያው ጋር ፎቶ ተያይዟል፤ ፎቶው የተነሳው ከመንገዱ ማዶ ነው። ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ሁልጊዜ እጃቸውን እያወዛወዙ ሰላም የሚሉን ሰዎች ናቸው። ከእነሱ የትኛው እንዳነሳው አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። መንገዱን ተሻግሮ በሬን ቢያንኳኳ ምን ነበረበት? "ጠዋት እንሄዳለን" እለው ነበር፤ ቡናም ይጠጣ ነበር። ባለቤቴ ደብዳቤውን አንብባ "ስንኖር የከረምነው ከማን ጋር ነው?" ብላ አለቀሰች።

በሚመጣው ወር የማኅበሩ ስብሰባ አለ፤ ሁለታችንም እንሄዳለን። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ለመጫኛና ለማውረጃ ሁለት ሌሊት እንዲፈቀድ፣ አቤቱታ ወደ ቦርዱ ከመድረሱ በፊትም ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲያነጋግር። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ማኅበር ውስጥ ያላችሁ ወገኖቼ፣ መዋጮውን እየከፈላችሁ ከስብሰባው አትቅሩ፤ ባለቤት ናችሁና ድምፅ አላችሁ።