አረፋ ከደፈቀ ሠርቷል

የቁስል መድኃኒት መምረጥ ከባድ ነው የሚል ሰው እኛ ሰፈር አልታከመም። እኛ ዘንድ ፈተናው ሦስት ጥያቄ ነው። አረፋ ይደፍቃል? ያቃጥላል? ቀለም አለው? ሦስቱንም የወደቀ ውሃ ነው።

ባለፈው ወድቄ ጉልበቴ ተላጠ። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣቷ ነርስ በኖርማል ሳላይን ልታጥበኝ ስትል አንጋፋው ባልደረባዋ ደረሱልኝ። "በጨው ውሃ? ፐርኦክሳይድ አምጪ እንጂ!" ጉልበቴ እንደ ድራፍት አረፋ ደፈቀ። እኔም ጮህኩ። "አየህ፣ ጀርሙን እየገደለው ነው" አሉኝ። አየሁ። ማስረጃ ማለት እንዲህ ነው፤ በዓይን የሚታይ፣ ጩኸቱ እስከ ካርድ ክፍል የሚሰማ። ልጅቷ ግን ቀስ ብላ "አረፋው እኮ ከደምና ከጤነኛ ሥጋም ይወጣል፤ አዲስ የሚበቅለውንም ይጎዳል" አለች። አንብባ ነው መሰለኝ። ልጅነት ነው፣ ይለቃታል።

ቀጥሎ ጂቪ (ጄንሺያን ቫዮሌት)፣ ያ ሐምራዊ የቁስል ቀለም። የጂቪ ውለታው ብዙ ነው። አንዴ ሐምራዊ ከሆንክ ከሥሩ ይቅላ፣ ይምገል፣ ማን ያያል? የካናዳ የጤና ባለሥልጣናት በ2019 ካንሰር ሊያስከትል ይችላል ብለው አስጠንቅቀዋል። ብርድ አገር ናቸው፣ ቀለም ምን ያውቃሉ።

በመጨረሻ ደረቅ ጎዝ ተለጠፈብኝ። በሦስተኛው ቀን ሲነሳ አዲሷን ቆዳ ይዟት ተነሳ። "ጸዳ!" አሉ አንጋፋው። እውነትም ጸዳ፤ ከዜሮ ጀመርን።

ልጅቷ አሁንም አላረፈችም። ጆርጅ ዊንተር የሚባል ሰው በ1962 ያሳተመውን ጥናት አመጣች። ተሸፍኖ እርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል፣ ለአየር ከተተወው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ ያወጣል። በምን ላይ ሞከረው? በአሳማ! ሥጋውን እንኳ የማንቀምሰውን እንስሳ ጉልበታችን ላይ ሊሾሙብን ነው።

ቤት ስገባ ጎረቤታችን እማማ የአምፒሲሊን (የሚዋጥ አንቲባዮቲክ) ካፕሱል ከፍተው ዱቄቱን ቁስሌ ላይ ነሰነሱልኝ። "የኔ ልጅ በዚህ ነው የዳነው።" አንድ ልጅ፣ አንድ ቁስል፣ አንድ ካፕሱል። ከዚህ በላይ ምን ጥናት ይፈለጋል?

ይኸው አምስተኛ ሳምንቴ ነው። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። የምነክሰው ፎጣ ይዤ እሄዳለሁ።