ስሙ ከገጠመ የእኛ ነው

በባሕር ዳር የሐይቅ ዳር ቡና ቤቶች ከቀትር በኋላ የሚሰየመው የታሪክ ሸንጎ እስካሁን አመስጋኝ አለማግኘቱ ያሳዝናል። ሌላው ዓለም አንድን ታላቅ ሰው «የአገሬ ልጅ ነው» ለማለት ዜና መዋዕል ሲያገላብጥ፣ ዘመን ሲያሰላና መቃብር ሲያፈላልግ ዕድሜውን ይፈጃል፤ የእኛ ሸንጎ ግን የሁለት ቦታዎች ስም መግጠሙን ብቻ ሰምቶ፣ ገና አቦሉ ተጠጥቶ ሳያልቅ ፍርዱን ይሰጣል። ይግባኝ የለም።

ሸንጎው ከፈታቸው ከባድ ጉዳዮች አንዱ የደብረ ብርሃን ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የሸዋዋን ደብረ ብርሃን ቆርቁረው፣ እ.ኤ.አ. በ1468 እዚያው ዐረፉ። የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠሩት ደግሞ አድያም ሰገድ ኢያሱ ሲሆኑ፣ ቤተ ክርስቲያኑ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1694 ነው። ተጠራጣሪ ሰው ይህን ሲሰማ ሁለት ደብረ ብርሃንና ሁለት ንጉሥ መኖራቸውን ይቀበልና ይቀመጣል። ሸንጎው ግን ጣሪያው በመላእክት ፊት የተሞላውን ያን ቤተ ክርስቲያን ለዘርዓ ያዕቆብ አጽድቆላቸዋል፤ በዚህም ውሳኔ ንጉሡ ካረፉ ከ226 ዓመት በኋላ ሕንፃ አሠርተው ያስመረቁ ብቸኛው ገዥ ለመሆን በቅተዋል። በሕይወት ያሉ ሹማምንት የጀመሩትን መንገድ መጨረስ በከበዳቸው ዘመን፣ እንዲህ ያለ ትጋት ሊደነቅ ይገባዋል።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንፍራንዝ ላይ እንደኖረ የሚነገርለት ፈላስፋም፣ ስሙ ዘርዓ ያዕቆብ ሆኖ በመገኘቱ ከንጉሡ ጋር እንዲዋሐድ ተደርጓል። ስለዚህ አፈ ጉባኤው እንደሚተርኩት ከሆነ፣ ንጉሡ ዙፋን ሲሰለቻቸው ዋሻ ገብተው ተመራመሩ፤ ከዚያም እንፍራንዝ ወርደው የሰው ልጆች ሲያስተምሩ ኖሩ። (የንጉሡ ዐፅም ይገኝበታል የሚባለው ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ከዚሁ ቡና ቤት ደጃፍ በጀልባ ተነሥቶ የሚደረስበት ደሴት ነው። ነገር ግን ዳጋ ስሙ ከሌላ ከተማ ጋር አይገጥምምና አጀንዳ ሆኖ ሊቀርብ አልቻለም።)

ደብረ ሲና ላይ ሸንጎው ገና አልተስማማም። ግማሹ የጎርጎራዋን ደብረ ሲና ማርያምን ጥንታዊ ሥዕሎች ከጣርማ በር ግርጌ ላለችው ለሸዋዋ ከተማ ሲሰጥ፣ ግማሹ ደግሞ የከተማዋን ብርድና ጉም ወደ ጎርጎራ ያመጣል። የሮቢት ተስፋ ግን ከሁሉም የላቀ ነው። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ሮቢት አለ፤ ሸዋ ሮቢት አለ፤ ቆቦ አጠገብም ሌላ ሮቢት አለ። ከአንዱ ሮቢት አንድ ዝነኛ ሰው ቢወጣ ሦስት ቦታ ሐውልት ይቆምለታል፤ ሦስት ኮሚቴ ይዋቀርለታል፤ ሦስቱም ጋ «አብሮ አደጌ ነበር» የሚል ምስክር አይጠፋም።

ሸንጎው ይህን ሕግ ለራሱ ጥቅም ብቻ እንደማያውለው መመስከር ግን ግዴታዬ ነው፤ ሕጉ ከፈረደበት የእጁንም አሳልፎ ይሰጣል። ከባሕር ዳር በመኪና ግማሽ ቀን በማይፈጀው በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችና የአገሬው ሠራተኞች ማዕድን አቅልጠው ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ሠሩ። ንጉሡም በክራይሚያ ጦርነት ብዙ ደም በፈሰሰባት ከተማ ስም «ሴባስቶፖል» አሉት፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ገደል ለገደል እየጎተተ መቅደላ አደረሰው፤ ዛሬም እዚያው አለ። ሸንጎው ግን ነገሩን በሕጉ መርምሮ፣ ስሙ የክራይሚያ ከሆነ መድፉም የክራይሚያ ነው ሲል ያለ አንዳች ቅሬታ አስረክቧል። በቀደም አንድ ወጣት ድፍረት አግኝቶ «ጋሼ፣ መድፉ እኮ የተሠራው እዚሁ ጋፋት ነው» ቢላቸው፣ አፈ ጉባኤው ስኒያቸውን አስቀምጠው በርኅራኄ ተመለከቱትና «አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ጋፋት የሚባል መድፍ ሰምተህ ታውቃለህ?» አሉት።