እንኳን ደስ አላችሁ፣ ተገዝታችኋል

አንድ ኩባንያ ሌላውን ሲጠቀልል እኔ የማደንቀው ገንዘቡን ሳይሆን አንደበቱን ነው። ገንዘቡንማ ባንክም ያበድራል። የተዋጠውን አካል «እናመሰግናለን» ማሰኘት ግን ጸጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 የጀርመኑ መኪና አምራች ዳይምለር ቤንዝና የአሜሪካው መኪና አምራች ክራይስለር ሲጣመሩ «የእኩሎች ውህደት» ተባለ። እንዴት ደስ ይላል! ገዢም የለም፣ ተገዢም የለም። በ2000 ግን የዳይምለሩ አለቃ ዩርገን ሽሬምፕ ለፋይናንሺያል ታይምስ ጋዜጣ ዘረገፉት። ክራይስለርን ከድርጅታቸው ክፍሎች አንዱ ማድረግ ድሮም ሐሳባቸው ነበር። ያኔ በግልጽ ቢናገሩት ማን እሺ ይላቸዋል? የክራይስለር ባለአክሲዮኖች ተናደው ከሰሱ። መገዛታችንን ብናውቅ ኖሮ የበለጠ ዋጋ እንጠይቅ ነበር አሉ። ኩባንያውም አንዱን የጋራ ክስ በ300 ሚሊዮን ዶላር ዘጋው። ቅሬታቸው ይገባኛል፤ ግን እንዲያ ባለ ጨዋ ቃል መሸወድም እኮ ክብር ነው።

የሚሸጠው ኩባንያ ቦርድም በንግግር አይታማም። መጀመሪያ «ዋጋው ያሳንሰናል፤ ነጻነታችን አይሸጥም» ይላል። ባለአክሲዮኖች ይህን አንብበው ደረታቸውን ይነፋሉ። ገዢው በአንድ አክሲዮን ጥቂት ዶላር ጣል ያደርጋል። ያው ቦርድ ሽያጩን «ለባለአክሲዮኖች ጥቅም ሲባል» ያጸድቃል። ነጻነቱስ የት ገባ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ለተሰናባች አለቆች የሚከፈለው ዳጎስ ያለ ብር ደግሞ «ወርቃማ ፓራሹት» ይባላል። ሠራተኛው ያለ ፓራሹት ነው የሚወርደው። እሱ ግን ድሮም ከፍ ብሎ ስላልበረረ ብዙም አይጎዳም።

ከሁሉም ቆቤን የማነሳው ለአሜሪካው የምግብ ኩባንያ ለክራፍት ነው። የእንግሊዙን ቸኮሌት አምራች ካድበሪን ለመግዛት ሲያባብል፣ በእንግሊዝ ብሪስቶል አቅራቢያ ያለውን የሶመርዴል ፋብሪካ ሥራ ማስቀጠል እንደሚችል እንደሚያምን ተናገረ። ፋብሪካውን ሊዘጋ ያቀደው ካድበሪ ራሱ ስለነበር፣ ሠራተኛው አዳኙ መጣ ብሎ ተስፋ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2010 ክራፍት ካድበሪን እጁ ባስገባ በሳምንቱ ፋብሪካው እንደሚዘጋ አስታወቀ። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል የሚሉ ምቀኞች አልጠፉም። የብሪታኒያ የኩባንያ ግዢ ተቆጣጣሪም በአደባባይ ወቀሰው። ሊሸለም የሚገባውን ሰው ይወቅሱታል! ልብ በሉ፣ ክራፍት አምናለሁ ነው ያለው። እምነት ደግሞ የግል ጉዳይ ነው።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ያለው ቋንቋም ይጣፍጣል። «ቅንጅት» ከተባለ ሁለቱ የሒሳብ ክፍሎች አንድ ይሆናሉ፣ ግማሹ ሰውም ዕቃውን ይሸክፋል። ማንም አልተባረረም፤ «መዋቅሩ ተስተካክሎ» ነው። ከዚያ «ውድ የቤተሰባችን አባላት» የሚል ኢሜይል ይመጣል። በሚቀጥለው ቀን መታወቂያ ካርዳችሁ የቢሮውን በር ከከፈተላችሁ፣ አሁንም ቤተሰብ ናችሁ።