አባራሪው አብራሪ

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ጅማ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ስለ አገራችን ቀደምት አብራሪዎች ውይይት ተጠርተን ሄድን። መድረኩ ገና እንደተከፈተ አንድ ሰው «አጭር አስተያየት አለኝ» ብሎ ማይክሮፎኑን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልተርክላችሁ አያስፈልግም፤ ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። አብራችሁት ለቅሶ ተቀምጣችኋል፣ ሠርግ በልታችኋል። ሻዩ ቀረበ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ብርጭቆው ተነሣ፤ የአያቱ አውሮፕላን ግን አላረፈም።

እኔ ግን ላመሰግነው ተነሥቻለሁ። እንዲህ ያሉ የልጅ ልጆች ባይኖሩን የአቪዬሽን ታሪካችን ምንኛ ጭር ይል ነበር! በመዝገብ የሰፈረው እኮ ከእጅ አይገባም። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ፖቴዝ አውሮፕላኑን አዲስ አበባ አሳረፈ። በዓመቱ ገደማ ደግሞ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ብቻቸውን ለማብረር በቁ። ሁለት ሰው! ለዚህ ሁሉ የልጅ ልጅ ሁለት አብራሪ እንዴት ይዳረሳል? በዚያ ላይ የሚሽካ አባት ሩሲያዊ ናቸው፤ ዝምድና ለመቁጠር አይመቹም። (አንድ ወዳጃችን በእናታቸው በኩል ሞክሯል።)

የእኛን ሰው አያት የሥራ ዕድገት ከጅምሩ ተከታትዬዋለሁ። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ፈረንጅ አራዳ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ፣ አያቱ ከብት አባራሪ ነበሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ካደረገ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በአገር ውስጥ ወደ ጅማ መብረር ጀመረ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነት የተረፉ ሲ-47 ነበሩ፤ ጭነቱ መሐል ይቆለላል፣ መንገደኛው ግራና ቀኝ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተደርድሮ ይሄዳል። የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ አያትየው ዱላቸውን ይዘው ሜዳው ላይ የሚግጡትን ላሞች ያባርራሉ። በቃ። ደስ የሚል ታሪክ ነበር፤ የቡናውን የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ሠርግ ላይ ስንገናኝ ዱላው ባንዲራ ሆኗል። አያትየው ካላውለበለቡ አንድም አውሮፕላን ጅማ አያርፍም። ቀጥሎ ለቅሶ ቤት ተገናኘን፤ ፈረንጁን አብራሪ ወባ ሲያንቀጠቅጠው አያትየው አጠገቡ ተቀምጠው መሪውን ይዘውለታል። ከዚያ አንድ ቀን፣ የት እንደነበርን እንኳ አላስታውስም፣ «ባ» ወድቃ «ብ» ተተካች፤ አባራሪው አብራሪ ሆኑ። በአንዲት ፊደል የበረራ ፈቃድ የሚሰጥ ሌላ ቋንቋ ካለ ንገሩኝ። ሌላው «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ይተርታል፤ የእኛ ሰው ግን ላሞቹን ሜዳው ላይ ትቶ አያቱን ሰማይ አወጣ።

ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ማዕረግ ተጨመረ። በግንቦት 1927 ዓ.ም. ከአሜሪካ ለመጣው ለጆን ሮቢንሰን የአገራችንን ሰማይ ጠባይ ያስተማሩት ለካ እርሳቸው ናቸው። (እኔ ባሰላሁት ያን ጊዜ የወተት ጥርሳቸውን ጣሪያ ላይ እየወረወሩ ነበር።) «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ሠራት ይባል እንጂ ሐሳቡ የተወሰደው ከጅማ ነው። ማስረጃ? አውሮፕላን መሬት ላይ የምትቆመው በሦስት እግር ነው፤ እንደ ጅማ በርጩማ! አዳራሹ አጨበጨበ። ጣልያን የወሰዳት «ፀሐይ» በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ስትገባ ለካ የተመለሰልን በርጩማችን ኖሯል።

አንድ ነገር ብቻ ይገርመኛል። በ1923 ዓ.ም. ከዘውዱ በዓል ቀደም ብሎ የንጉሡን አውሮፕላን አስነሥቶ የከሰከሳት ሂዩበርት ጁሊያን እስከ ዛሬ ጅማ ውስጥ አንድ የልጅ ልጅ አልተገኘለትም።

የዚያን ቀን አንዲት ተማሪ፣ ከጣልያን ወረራ በፊት ማብረር ስለተማሩት ስለ ሙሉእመቤት እምሩ ጽሑፍ አዘጋጅታ መጥታ ነበር። ተራዋ ሲደርስ «ሰባት ደቂቃ ቀርቷል» ተባለች። ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እዚህ ላይ ሳቄ ይቆማል። ሮቢንሰን በወረራው ጊዜ መሣሪያ በሌላቸው ጥቂት አውሮፕላኖች የተመላለሰ፣ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ልጆቻችንን ማብረር ያስተማረ፣ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. እዚሁ አገር በአውሮፕላን አደጋ የሞተ ሰው ነው። የእንዲህ ያለውን ሰው ሕይወት ለአያት ማጌጫ ማድረግ ነውር ነው። አያትየውስ ምን በደሉ? አንዲት ጥጃ ጎማው ሥር ብትገባ አውሮፕላኑ ከነመንገደኛው ያልቅ ነበር። ያን ሁሉ ነፍስ በአንድ ዱላ ጠብቀዋል፤ የገዛ ልጅ ልጃቸው ግን በዱላቸው አፈረ።

ውይይቱ ሲበተን ከሰውየው ጋር በአንድ ባጃጅ ተሳፈርን። ትንሽ እንደሄድን ላሞች መንገዱን ዘጉት። ዐሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ በቀጭን አርጩሜ ከአስፋልቱ ሊያወጣቸው ይታገላል። የእኛ ሰው አንገቱን አውጥቶ «ምን ዓይነት ባለጌ ነው! ጥሩምባህን ንፋበት እንጂ!» ብሎ በሾፌሩ ላይ ጮኸ። ጥሩምባው ተነፋ፣ ላሞቹ ተደናበሩ፤ ልጁ ግን አንድ በአንድ አወጣቸው። ስናልፈው እጄን በመስኮቱ አውጥቼ «የልጅ ልጅ ለማየት ያብቃህ» ብዬ መረቅሁት።