ዕቁቡ የወጣለት መሐንዲስ

ባለፈው እሑድ ዕቁባችን ለመሐንዲሱ ወጣለት። እንደ ልማዳችን "ምን ልታደርግበት ነው?" ተባለ። የዕቁብ ገንዘብ የግል ነው ቢባልም እኛ ጋ ሁሉም ያገባዋል። ቤት ማደሻ፣ ፍሪጅ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ሲባል ለምደናል። እሱ ግን የሻይ ብርጭቆውን እያሽከረከረ "ማስተርስ ልማርበት ነው" አለ።

መጀመሪያ ዝም ተባለ። ከዚያ ሁሉም ባንዴ ተናገረ።

ሰውየው 43 ዓመቱ ነው። በ1999 ዓ.ም ከአርባ ምንጭ በውሃ ምህንድስና ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ አንድ የውሃ መሥሪያ ቤት ውስጥ የፈነዳ ቱቦ ሲያስጠግን ኖሯል። ሁለት ልጆች አሉት፤ ትልቋ አሥረኛ ክፍል ናት።

ነጋዴው ቀደመ። "አንተ ሰው፣ ጡረታ በ60 ነው። 17 ዓመት ቀረህ። ሁለቱን ተማርክበት እንበል፣ 15። በ15 ዓመት ስንት ብር ሊጨምሩልህ ነው? ይልቅ ከእኔ ጋር አስገባው፣ ሲሚንቶ እንነግድበት።" ነጋዴው ዕቁብ ለወጣለት ሁሉ ሲሚንቶ እንነግድ ይላል፤ ስለዚህ ማንም ልብ አላለውም። ሒሳቡ ግን ልክ ነበር።

"እኔን ጠይቀኝ" አለች ባንክ ቤት የምትሠራው። የቅዳሜና እሑድ ኤምቢኤ፣ የንግድ ሥራ አስተዳደር ማስተርስ፣ ጨርሳለች። "ቴሲሱን፣ የመመረቂያ ጥናቱን፣ ሌሊት 10 ሰዓት እየተነሳሁ ነው የጻፍኩት። ልጄ እናቴን እማዬ ማለት ጀምራ ነበር። ዲግሪውን ካስገባሁ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ብር አልተጨመረልኝም። በአራተኛው አንድ መደብ ተከፈተ፣ ማስታወቂያው ሁለተኛ ዲግሪ ይላል። ከእኔ የበለጠ ልምድ ያላቸው ሰዎች ማመልከት አልቻሉም። ስለዚህ ከሰርኩ አልልም። ተማርኩ ብዬ ግን አልምልም።"

ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነበሩ። "የመንግሥት ቤት ለወረቀት መክፈል ከተወ ቆየ" አሉ። "ደሞዙ ለተቀመጥክበት መደብ ነው። መደቡ ከሌለ፣ ልጄ፣ ዲግሪህን ሳሎን ትሰቅለዋለህ።"

ከመካከላችን ትንሹ ልጅ በራስ ገንዘብ መማር አልገባውም። "ስኮላርሺፕ እያለ ለምን?" መሐንዲሱ ለካ ሁሉንም ፈልጎ ጨርሷል። የጀርመኖቹ ዳአድ በአብዛኛው ከመጨረሻው ዲግሪ ስድስት ዓመት ያለፈውን አይቀበልም፤ እሱ 19 ሞልቶታል። የእንግሊዞቹ ቼቭኒንግ የዕድሜ ጣሪያ የለውም፣ የሥራ ልምድም ይፈልጋል። ግን ልጆቹን ጥሎ ዓመት ሙሉ ለንደን መክረሙ አልታየውም። የድጋፍ ደብዳቤ ማን ይጻፍለት? የመመረቂያ ሥራውን ያማከሩት መምህር አርፈዋል። አለቃው ደግሞ ራሱ ያለው አንድ ዲግሪ ነው። "እኔን ሊያልፈኝ ነው ብሎ እንዳይፈራ" አለ እየሳቀ።

አገር ውስጥም ቢሆን ጋት የሚባል የማስተርስ መግቢያ ፈተና አለ። "በ2015 የመውጫ ፈተና ሲጀመር እኛ አመለጥን ብለን ስንስቅ ነበር" አለ። "በዓመቱ መግቢያው ላይ ጠበቁን።" ፈተናው እንግሊዝኛም ሒሳብም አለው። ሒሳቡን የምታስጠናው አሥረኛ ክፍል ያለችው ልጁ ናት። ሲሳሳት "አባዬ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነው" ትለዋለች አሉ።

ክርክሩ እዚህ ደርሶ ሁሉም ወደ ኤምቢኤው ገፋው። ቅዳሜና እሑድ ነው፣ ከሥራ አያስቀርም፣ ያልፋል። ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን "ቴሲስ እናማክራለን" የሚለውን ስልክ ደውል ያለም ነበር። ማንነቱን አልናገርም።

እስከዚህ ድረስ አንዳችንም ምን ልትማር ነው ብለን አልጠየቅነውም። እኔ ጠየቅሁት።

ከቦርሳው ደብተር አወጣ። ቤት ውስጥ ሌሎችም አሉት። የሄደበትን ብልሽት ሁሉ፣ ሰፈሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቱቦውን ዓይነት ጽፏል። ማንም አላዘዘውም። "ሁሉም ቱቦው አርጅቷል ይላል" አለ። "እውነት ነው፣ አርጅቷል። ግን ያው አሮጌ ቱቦ ሳምንቱን ሙሉ ችሎ ቆይቶ ለምን ውሃው በፈረቃ በሚለቀቅበት ሌሊት ይፈነዳል?" ውሃው ሲዘጋ ቱቦው ባዶ ይሆናል፣ አየር ይገባዋል። ሲለቀቅ ውሃው አየሩን እየገፋ ይመጣል፣ ግፊቱ ድንገት ይዘላል፣ የደከመው መጋጠሚያ ይለቃል።

"ቆጣሪያችንም አየር ይቆጥራል!" ብሎ ነጋዴው ከወንበሩ ተነሳ። ለዓመታት ሲጮህበት የኖረ ጉዳይ ነው።

"ይቆጥራል" አለ መሐንዲሱ። "እኔ ማወቅ የምፈልገው ግን ቫልቩን ቀስ ብሎ መክፈት ብቻ ስንቱን ፍንዳታ እንደሚያስቀር ነው። ማስላት አልችልም። ኢፓኔት የሚባል በነፃ የሚወርድ ፕሮግራም አለ፣ አውርጄዋለሁ። እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ግፊት አያሰላም። የሚያሰላው ሌላ ነው፤ እሱን የሚያስተምረኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

ለእኔ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ነጋዴው፣ የባንኳ እህታችንና ጋሼ የተናገሩት ስለ ደሞዝ ነው፤ በደሞዝ ከሄድን ሦስቱም ልክ ናቸው፣ አይማር። ይህ ሰው ግን ወረቀት አይደለም የጎደለው። የሚጠይቀው ጥያቄ አለው፣ መልሱ ላይ የሚያደርስ ሒሳብ ነው ያጠረው። ከዲግሪ በቀጥታ የሚገባ ወጣት ስንት ወር ርዕስ ፍለጋ እንደሚንከራተት አይቻለሁ። እሱ ርዕሱንም መረጃውንም ይዞ ነው የሚመጣ። ስለዚህ ያመልክት፣ ግን ለኤምቢኤ አይደለም፤ በራሱ ሙያ፣ ቴሲስ ባለበት ፕሮግራም። ፎርም ከመሙላቱ በፊት ደግሞ ደብተሩን ይዞ የውሃ መስመር ላይ የሚሠራ አንድ መምህር ቢሮ ያንኳኳ። ደብተሩን ያየ መምህር ማርክህን አምጣ ለማለት የሚቸኩል አይመስለኝም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መረጃው የመሥሪያ ቤቱ ነው። መጠቀም እንዲችል ፈቃዱን ካሁኑ በጽሑፍ ካልያዘ፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ አለቃ ቢቀየር ቴሲሱ ሜዳ ላይ ይቀራል። የዕቁቡንም ግማሽ ለሚስቱ ይስጣት፤ ሁለት ዓመት ቤቱን የምትሸከመው እሷ ናት።

ይህን ሁሉ ታክሲ ስንጠብቅ ነገርኩት። ሰማኝ፣ ፈቃዱን ሰኞ እጠይቃለሁ አለ። ከዚያ የባሰውን ነገረኝ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ የወጪ መጋራት ዕዳውን መጨረሱን የሚያሳይ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ገንዘቡ ከደሞዙ ሲቆረጥ ኖሮ ካለቀ ስንት ዘመኑ፤ ደብዳቤውን ግን አላወጣም።

ማክሰኞ አብረን እንሄዳለን። እኔም የእኔን አላወጣሁም።