የፕሮፌሰር ኃይሌ ሁለተኛው ሽልማት

እ.ኤ.አ. በ2008 የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ሁለት ሽልማቶችን አገኘ። የዳኞችን ልዩ ሽልማት ብዙ ሰው ያነሣዋል። ለምርጥ የፊልም ጽሑፍ የተሰጠውን ሁለተኛውን ግን፣ ከፊልም ሰዎች ጋር ስንጨዋወት እንኳ እኔ ካላነሣሁት የሚያስታውሰው አላገኘሁም። በእኛ አፍ ሰውዬው «ዳይሬክተሩ» ናቸው፤ ደራሲነታቸው ተውጦ ቀርቷል።

እስቲ ታሪኩን አስታውሱት። አንበርብር ጀርመን ተምሮ ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ አንድ እግሩን አጥቷል። እንዴት እንዳጣው እርሱም አያስታውስ፣ ለእኛም አይነገረን። የቸኮለ ጸሐፊ ቢሆን በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች እናቱን አስጠይቆ በተገላገለ ነበር። ፕሮፌሰር ኃይሌ ግን ጥያቄውን በእጃቸው ይዘው በጀርመን ተማሪዎች ክርክር፣ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ፣ የውትድርና አፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ በተደበቁ ልጆች መካከል ያዞሩናል። መልሱ ሲመጣ (ያላያችሁት ይቅር በሉኝ) ሰውዬው በዘረኞች እጅ ከመስኮት የተወረወረ ነው። አገሩ ገፍቶታል፣ ሰው አገርም ገፍቶታል። ይህ ካሜራ ሳይነሣ በፊት ወረቀት ላይ ያለቀ ሥራ ነው።

ጽሑፍ ለቤታቸው እንግዳ አልነበረም፤ አባታቸው ገሪማ ታፈረም ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። ቀደም ሲል በሠሩት ፊልም በ«ሳንኮፋ» እና በ«ጤዛ» መካከል 15 ዓመት አለ። ገንዘብ ፍለጋው ብዙውን እንደበላው አያጠራጥርም። ሆኖም አሜሪካ ካለው ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያገኙት የነበረው የመምህር ደመወዝ ጽሑፉን ለማብሰል ትዕግሥት ሳይሰጣቸው አልቀረም ብዬ አምናለሁ።

እኔ ለአንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ስጽፍ ለአንድ ክፍል የተሰጠኝ አራት ቀን ነበር። ክፍያዬ ከመብራት ኪራዩ ያንሳል። አንድ ቀን ቀረጻው ቦታ ስደርስ ሁለት ትዕይንቶች ተሰርዘው ጠበቁኝ፤ የቤቱ ባለቤት ጓሮውን አልፈቅድም ብለው ነው። አንደኛው ትዕይንት ገጸ ባሕርይዋ ለምን ከባሏ እንደምትለይ የሚገልጸው ነበር። «ዋናው ሐሳብ አለ፣ አትጨነቅ» አለኝ ፕሮዲዩሰሩ። ክፍሉ ሲተላለፍ እናቴ ደውላ «ልጅቷን ምን ነካት?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ለሚቀጥለው ሥራ ውል ላይ አንድ መስመር እንዲገባልኝ ጠይቄአለሁ፦ ትዕይንት ከመሰረዙ በፊት ለጸሐፊው ይደወል። እያሰቡበት ነው ተብያለሁ።