ይድረስ ለአቶ ሃምሳ ኪሎዋት ሰዓት

ለተከበሩ አቶ ሃምሳ ኪሎዋት ሰዓት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስድስት ቤተሰብ ሆነን በአንድ ቆጣሪ ስለ መጠቀማችን

ጤና ይስጥልኝ አቶ ሃምሳ። ለወጉ ያህል ጠየቅሁ እንጂ የእርስዎ ጤና አያሳስብም። መብራት ቢሄድ ቢመጣ፣ ኑሮ ቢወደድ፣ ብር ቢረክስ እርስዎ ፍንክች አይሉም። ሃምሳ ነበሩ፣ ሃምሳ ነዎት፣ በዚሁ ከቀጠለ ሃምሳ እንደሆኑ ጡረታ ይወጣሉ።

እኔን አያውቁኝም። ከካራ አለፍ ብሎ፣ ወደ ለገጣፎ ከሚወስደው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ካለ ሰፈር የምኖር ተከራይ ነኝ። ግቢያችን ውስጥ አከራያችንን ጨምሮ ስድስት ቤተሰብ አለ። ቆጣሪው ግን አንድ ነው። የዚህ ደብዳቤ ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከእሱ ነው።

ደብዳቤውን ሌላም ሰው ሊያነበው ስለሚችል ማንነትዎን ላስተዋውቅ። እርስዎ በመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ ላይ የመጀመሪያው ረድፍ ነዎት። በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት ያላለፈ ሰው አቅም የለውም ተብሎ በድጎማ ዋጋ ይስተናገዳል። ያለፈ ሰው ደግሞ እንደ አቅሚቲ ይከፍላል። ታኅሣሥ 2011 ታሪፉ ሲከለስ ከእርስዎ በላይ ያሉት ሁሉ ዋጋቸው ጨመረ። ከ500 በላይ የሚጠቀመው በኪሎዋት ሰዓት ከ69 ሳንቲም ተነስቶ በየዓመቱ እየተጨመረበት በ2014 ዓ.ም. 2 ብር ከ48 ሳንቲም ደረሰ። እርስዎ በ27 ሳንቲምዎ ጸኑ። መስከረም 2017 በተጀመረው ሌላ የአራት ዓመት ማሻሻያ በየሦስት ወሩ ትንሽ ትንሽ ተጨምሮብዎታል። ያም ሆኖ እስከ ዛሬ ከሁሉም ርካሹ እርስዎ ነዎት። እግዜር ይስጥዎ። ችግሩ፣ እኛ ጋ ደርሰው አያውቁም።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ስድስታችንም ቆጥበን፣ አምፖል አጥፍተን፣ በጊዜ ተኝተን በየቤታችን 45፣ 45 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቀምን እንበል። ሁላችንም ከእርስዎ በታች ነን፤ ሁላችንም ድጎማው ይገባናል። ቆጣሪው ላይ ግን 270 ይነበባል። በ2014ቱ ታሪፍ 270 ማለት ኪሎዋት ሰዓቱ 2 ብር የሚከፈልበት ረድፍ ውስጥ መግባት ነበር። ስድስት ድሃ ሲደመር አንድ ሀብታም ይወጣዋል ማለት ነው! ሀብታሙ ማን እንደሆነ ግቢውን ዞረን ፈልገን አጥተነዋል። ካገኙት ይንገሩን፣ የቤት ኪራይ እናስከፍለዋለን።

የራሳችሁን ቆጣሪ አስገቡ ይሉን ይሆናል። ሞክረናል። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ «ካርታ አላችሁ?» አለን። ተከራይ ካርታ ከየት ያመጣል? አከራያችንም ቢሆኑ ካርታው በሂደት ላይ ነው ሲሉ ጸጉራቸው ሸብቷል።

ቢል ሲመጣ ግቢያችን ምን እንደሚመስል አንድ ቀን መጥተው ቢያዩ ደስ ይለኝ ነበር። አከራያችንን እማማ ነው የምንላቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ክፍያው የሚደለደለው በነጥብ ነው። አምፖል አንድ ነጥብ፣ ቴሌቪዥን ሁለት፣ ፍሪጅ አምስት። ካውያ እንደ ሰዉ አለባበስ ይታያል። በየቀኑ ሸሚዝ ተኩሶ ቢሮ የሚሄደው ጎረቤታችን አራት ነጥብ ተጥሎበታል። «ሥራ ስለሄድኩ ነው የምቀጣው?» ብሎ አቤት አለ። እማማ ቀና ብለው የሸሚዙን ኮሌታ አዩና አምስት አደረጉት።

ባለፍሪጁ ደግሞ ፍሪጁ ከተበላሸ መቆየቱን ተናገረ። ማንም አላመነውም። እማማ ራሳቸው ገብተው ከፈቱት። ውስጡ የሽሮ ጣሳ፣ የበርበሬ ጣሳና ተጣጥፎ የተቀመጠ ጋቢ አለ። ብርድ የሚባል ነገር የለውም። እማማ ትንሽ አሰቡና «ቢበላሽም ፍሪጅ ነው፤ ነገ ቢሠራስ?» ብለው ሁለት ነጥብ ላይ አቆሙለት። ከኋላ ክፍል ያለችው ተማሪ ስልክ ቻርጅ ከማድረግ በቀር ምንም የላትም። እሷም ሌሊት ስታነብ ታይታለች ተብሎ አንድ ነጥብ ተጨመረባት። ልጅቷ በማጥናቷ የተቀጣችበት አገር እኛ ሳንሆን አንቀርም።

እማማን አልፈርድባቸውም። ድርጅት ሲደጉም በጥናት ነው፤ እሳቸው የሚሠሩት በዓይን ግምት ነው። ደግሞ ከእርስዎ ይሻላሉ። እሳቸው ቢያንስ ፍሪጁን ከፍተው አይተዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ደንበኛዎ ልውሰድዎ። አንድ የማውቀው ሰውዬ አለ። ራሱ የሚኖረው መሀል ከተማ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገዝቶ፣ ዋጋው እስኪጨምር ብሎ ቆልፎበታል። በረንዳው ላይ ሌባ እንዲፈራ አንዲት አምፖል ሌሊት ሌሊት ትበራለች። ቤቱ የራሱ ቆጣሪ አለው። ወር ሙሉ ተነቦ አሥርም አይሞላ። እርስዎ ያንን ሲያዩ «አይ ምስኪን! እራት እንኳ ሳይሠራ የሚያድር ሰው» ብለው አዘኑለት። ድጎማውን ሰጡት። ሰውዬው እራቱን የሚበላው ሌላ ቤት መሆኑን ቆጣሪው አልነገረዎትም። መቼም የእርስዎን ያህል የዋህ ሰው አይቼ አላውቅም አቶ ሃምሳ።

ከሁሉም የከፋው ግን የምጣዱ ነገር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል አካባቢ ይበላል። ለአንድ ተኩል ሰዓት ቢጋገርበት ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሄደ። በሳምንት ሁለቴ የሚጋግር ቤት በወር 42 ገደማ ለእንጀራ ብቻ ጨረሰ ማለት ነው። ከእርስዎ የተረፉት 8 ናቸው። በነሱ አምፖል ያብሩ፣ ዜና ይዩ፣ ስልክ ቻርጅ ያድርጉ፣ ሻይ ያፍሉ። ሻዩ እንኳ ይቅር። ይህ እንግዲህ የራሱ ቆጣሪ ላለው ዕድለኛ ነው። ጥያቄ አለኝ። ሲቀረጹ ምጣድ የሚባል ነገር መኖሩን የነገረዎት ሰው ነበር? ወይስ የዚህ አገር ሕዝብ ዳቦ ገዝቶ የሚያድር መስሎዎት ነው?

አንዳንድ ቤት ከእርስዎ ጋር ላለመጣላት ሲል ወደ ጭራሮ ተመልሷል። እኛም ግቢ አንዷ እናት ምጣዷን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ከኋላ በኩል ሦስት ድንጋይ ጎለተች። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱት እናቶች ዛሬም በኛ በኩል ያልፋሉ፣ ከነሱ ትገዛለች። ዓይኗ ያለቅሳል፣ ልጆቹ ያስላሉ። በነጥብ ግን ግቢያችን ውስጥ ዝቅተኛዋ እሷ ናት። ውኃን ገድቦ ኃይል የሚያመነጭ አገር፣ የዓባይ ግድብ የተመረቀበት አገር፣ ሴትዮዋን ከኤሌክትሪክ ወደ ጭስ የመለሳት የእርስዎ ድንበር ነው። በሪፖርት ላይ ግን «ቆጣቢ ደንበኛ» ተብላ ትመዘገባለች ብዬ እገምታለሁ።

ይህንን ሁሉ ለእህቴ ልጅ በስልክ ስነግራት ሳቀች። አሜሪካ ነው ያለችው፣ ብርድ ካለበት ክፍለ ግዛት። «አጎቴ፣ እኔም የሱን ዘመድ አውቀዋለሁ» አለችኝ። ለካ ዘመድ አለዎት!

እዚያ ለቤት ማሞቂያና ለመብራት ክፍያ የሚያግዝ ላይሂፕ የሚባል የፌዴራል ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመ ነው። ዘመድዎ እዚያ በር ላይ ቆሞ ሰው ይመልሳል። እሱ የሚቆጥረው ኪሎዋት ሳይሆን ገቢ ነው። ሕጉ ጣሪያውን የሚያስቀምጠው የድህነት መስመሩን 150 በመቶ ወይም የክፍለ ግዛቱን መካከለኛ ገቢ 60 በመቶ፣ ከሁለቱ ከፍ ባለው ላይ ነው። ክፍለ ግዛቶች ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ከድህነት መስመሩ 110 በመቶ በታች ግን አይወርዱም። ለአራት ሰው ቤተሰብ የእ.ኤ.አ. 2025 መስመር በዓመት 32,150 ዶላር ስለነበር 150 በመቶው 48,225 ይመጣ ነበር።

መስመሩ ራሱ ከየት እንደመጣ ሲሰሙ ይገረማሉ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሞሊ ኦርሻንስኪ የምትባል የማኅበራዊ ዋስትና (ሶሻል ሴኩሪቲ) መሥሪያ ቤት ባለሙያ የአንድ ቤተሰብን ቆጠብ ያለ የምግብ ወጪ በሦስት አባዛችው። በዚያ ዘመን ቤተሰብ ከገቢው ሲሶውን ለምግብ ያወጣ ነበርና። ዛሬም መስመሩ የዚያው ልጅ ነው፤ በየዓመቱ የዋጋ ንረት እየተጨመረበት ይኖራል። ከአላስካና ከሃዋይ በስተቀር በሁሉም ክፍለ ግዛት አንድ ነው። ኒውዮርክ ላይ የተከራየም፣ ሚሲሲፒ ላይ የተከራየም በአንድ መስመር ይለካል። ምን ይሉታል ይሄን? የቤተሰብ መልክ ነው እንጂ! ቁርጥ እርስዎን።

የእህቴ ልጅ አዛውንቶች መንከባከቢያ ነው የምትሠራው። ክረምቱ ሲብስ የማሞቂያው ቢል አስደንግጧት አመለከተች። እሷ ያለችበት ቦታ የሚያዩት የቅርብ ጊዜ ደመወዝ ነው፣ ያውም ግብር ሳይቆረጥ። በዚያ ሰሞን ደግሞ ባልደረባዋ ታማባት የሌሊት ተረኛነት ደርባ ሠርታ ነበር። ለጥቂት ዶላር ከጣሪያው አለፈች። ማመልከቻዋ ተመለሰ። የሌሊቱን ሥራ የሠራችው እኮ ቢሉን ለመክፈል ነው! ከዚያው ደመወዝ ላይ ለኛ ለበዓል የላከችውንም አስረድታ ነበር። አይቀነስም አሏት። ዶሮዋን የበላነው እኛ፣ ከጣሪያ ያለፈችው እሷ። ሳትሰማኝ አፈርኩ። ገቢሽ ልክ ነው ቢሏትም ነገሩ ዋስትና የለውም። የተመደበው በጀት ካለቀ፣ ከመስመሩ በታች ያለውም ባዶ እጁን ይመለሳል።

ታዲያ አንዳንድ ብልህ ጎረቤቶቼ «እኛም አገር በገቢ ይሁን» ይላሉ። እኔ ግን አልተስማማሁም። ደመወዝተኛውን እንኳ ተዉት፣ በወረቀት ይታወቃል። ሌላውን ግን ማን ይለካዋል? ግቢያችን ውስጥ ግንባታ ላይ በቀን የሚሠራ ልጅ አለ። አንድ ጊዜ ቅጽ ሊሞሉለት መጥተው «የወር ገቢህ ስንት ነው?» አሉት።

«የትኛው ወር?» አላቸው።

«ያለፈው።»

«ያለፈው ወር ሲሚንቶ አልነበረም።»

ጸሐፊው ግራ ገብቶት «ሲሚንቶ የለም» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው፣ ከዚያ የተሻለ መልስ የለውም። ከዚያ ደግሞ የደሃ ደሃ መሆንህን የሚያረጋግጥ ኮሚቴ አለ። ኮሚቴው ሊያይ የሚመጣ ቀን ቴሌቪዥኑ ብርድ ልብስ ይለብሳል፣ ሶፋው ጎረቤት ያድራል። ኮሚቴው ሲወጣ ሶፋው ይመለሳል። ሶፋ የሌለው ሰው ግን የሚደብቀው ስለሌለው ዝም ብሎ ተቀምጦ ያስተናግዳቸዋል፣ ቡና ያፈላላቸዋል፤ «ይሄማ ደህና ኑሮ አለው» ተብሎ ይታለፋል።

ስለዚህ አቶ ሃምሳ፣ ከሥራዎ ይነሱልን አላልኩም። ይቆዩ። የምጠይቅዎት ማባዛት ነው። አንድ ቆጣሪ ላይ ስድስት ቤተሰብ ካለ፣ ስድስት ሃምሳ ይሁኑልን። 300 ማለት ነው። እውነት ስድስት መሆናችንን የተጠራጠረ ሰው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይምጣና የሽንት ቤቱን ወረፋ ይቁጠር። የተቆለፈው ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ በየወሩ ከማዘንዎ በፊት አንድ ጊዜ በሩን ያንኳኩ። ሰው ካልከፈተልዎ ምስኪንነቱ ይጣራ።

ለምጣዱ የተለየ ነገር ቢያስቡልንማ ሴቶቹ ይመርቁዎታል። እሱን ባይችሉ እንኳ ማባዛቱን አይርሱብን።

ከሠላምታ ጋር
አራት ነጥብ ያለው ተከራይ

ግልባጭ፦
ለአቶ 150 በመቶ፣ አሜሪካ
ለእማማ፣ በረንዳቸው ላይ

ማሳሰቢያ፦ መልሱን የሚያመጣው ሰው ቅዳሜ ባይመጣ ጥሩ ነው። ቅዳሜ ምጣድ የሚሰካ ቤት ሁሉ ስለሚጋግር ቆጣሪው ይዘላል፤ ሁላችንም ውጭ ቆመን ማን እንደጣለው እየተጨቃጨቅን ስለምንሆን ደብዳቤ የሚቀበል ሰው አይኖርም።